ጥሩሩን ተዉትና ገበሩን እዩ!

ክንዱን አነሳ! ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ተአምር የለውም። ልጄ ቀኝ ክንዱን ከጆሮው በላይ አነሳ፤ የትከሻው ሰሌዳ አብሮት ወጣ፣ የደረቱ ሰሌዳ ካለበት ንቅንቅ አላለም፣ ብብቱ ሥር ደግሞ ልሙጥ ጥቁር ብቻ ታየ። ክንዱን አወረደ፤ ሁሉም ወደየቦታው ተመለሰ። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ እንደ ጎል ጮህኩ። ባለቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ከነማማሰያዋ ከማድ ቤት ሮጣ ደረሰች። «ምን ሆናችሁ?» አለች። «ክንዱን አነሳ!» አልኳት። ልጁንም እኔንም ተራ በተራ አየችንና ወደ ወጧ ተመለሰች።

አልፈርድባትም። ክንድ ማንሳት ምን ይደንቃል የሚል ሰው፣ ከፎም የጠፈር ተዋጊ ጥሩር ሠርቶ ሰው ፊት ቀርቦ አያውቅም። እኛ ቀርበናል፤ ተዋርደንም ተመልሰናል። ከውርደቱ በኋላ ግን አንድ ነገር አገኘን። ይኸው ወራት አለፉ፤ ስለሱ ሳላወራ መዋል አቅቶኛል። መሥሪያ ቤት ያሉ ሰዎች ምሳ ሰዓት ላይ ሲያዩኝ መንገድ መቀየር ጀምረዋል። ያገኘነው ነገር ከጥሩሩ በታች የሚለበሰው ጨርቅ ነው። አዎ፣ ጨርቁ! ማንም ፎቶ የማያነሳው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ ሥራውን በደንብ ከሠራ መኖሩም የማይታወቀው ያ ጥቁር ጨርቅ።

ስም ላወጣለት ብዙ ደከምኩ። «የውስጥ ልብስ» እንዳልለው አንድ ቀን ለጓደኛዬ «ለልጄ የውስጥ ልብስ ስንሰፋ ሦስት ወር ፈጀብን» ብዬው ቡናው ትን ብሎት ነበር። በመጨረሻ ስሙን ያወጣችልን እናቴ ናት። ገበር አለችው። ኮት ገበር አለው፣ ካባ ገበር አለው፣ ጥሩርስ ለምን አይኖረውም? ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ስሙ ገበር ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ዓመት ስምንት ወር ሙሉ ቤዝመንት ውስጥ ተዘግቶ የራሱን ጥሩር ሠራ፤ የስታር ዋርስ ማንዳሎሪያኖች የአጎት ልጅ የሚመስል፣ ነገር ግን ከራሱ ጭንቅላት የወጣ። ሕፃናት የሚጫወቱበትን፣ እየተገጣጠመ ወለል ላይ የሚነጠፈውን ወፍራም ፎም እየቆረጠ፣ በትኩስ አየር እያለሰለሰና ጉልበቱ ላይ እያጎበጠ፣ በማስቲሽ አጣበቀው። ብርማ ቀለም ቀባው፤ ጫፍ ጫፉን ጥቁር እየጠረገ የጦርነት ጠባሳ አወጣለት። እውነት ለመናገር ጥሩሩ ጥሩ ነበር። ይዘነው ዋሽንግተን ወደሚደረገው የፊልምና የኮሚክስ ወዳጆች ትልቅ ጉባኤ ሄድን። ከሥሩ ምን ለበሰ? ጥቁር ሹራብና የስፖርት ሱሪ። ማን ያየዋል ብለን!

ሰው ሁሉ አየው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቅልጥሙ ሰሌዳዎች ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወርደው እንደ ካልሲ ተኮማተሩ። የደረቱ ሰሌዳ እየሾለከ ጉሮሮው ሥር ደረሰ። ፎቶ አንሺ «እስቲ እጅህን ወደ ላይ!» ሲለው ሹራቡ ተሰብስቦ ሆዱ ተገለጠ፤ ከሆዱ በታች የሱሪው ፋብሪካ ማርክ በነጭ ክር ደምቆ ብቅ አለ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ የአባቷን እጅ እየጎተተች «ሮቦቱ ሆድ አለው!» አለች። በመኪና ስንመለስ ልጄ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እናቴ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ በእግር ሲንጀር የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የጎረቤቱን ሁሉ መጋረጃ ሰፍታ ያሳደገችን ሴት ናት። ልጁ አኩርፎ የጣለውን የደረት ሰሌዳ ከወለሉ ላይ አነሳችው። ሌላ ሰው ቢሆን ቀለሙን ያደንቅ ነበር፤ እሷ ገለበጠችው። ልብስ ሰፊ መቼም እጁ ላይ የገባውን ሁሉ ገልብጦ ካላየ አይሆንለትም። የተላላጠ ማስቲሽ፣ የተንጠለጠለ ላስቲክ፣ ላብ ያራሰው ፎም። አገላብጣ አየችና «ገበሩስ?» አለች።

«ምን ገበር፣ እማማ?» አለ ልጁ።

«ይሄ ነገር ምን ላይ ነው የሚያርፈው? ገላህ ላይ? ገላህማ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ይተነፍሳል። ይሄ ደንጊያ ነው። በደንጊያና በገላ መካከል አስታራቂ ያስፈልጋል እኮ የኔ ጌታ።»

አስታራቂ! እኔ በዚያች ቅጽበት ልጄ ስምንት ወር የሠራው የሽማግሌውን ዱላ እንጂ ሽማግሌውን እንዳልነበረ ገባኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ እስከ ንጋት አነበብኩ። ያነበብኩት ሁሉ እናቴ በአንድ ቃል የጨረሰችውን ነገር ነው።

በ15ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ አገር የተጻፈ፣ አንድ ባላባት ለግጥሚያ እንዴት እንደሚታጠቅ ደረጃ በደረጃ የሚናገር የእጅ ጽሑፍ አለ። ብረቱ ከመምጣቱ በፊት ምን ይላል መሰላችሁ? ሸሚዝ እንዳይለብስ! በሸሚዝ ፈንታ ወፍራም የጥጥ ጃኬት፣ ገበሩ ሳቲን፣ ሳቲኑም ቀዳዳ ቀዳዳ የተደረገ። ጃኬቱ ላይ ብረቱ የሚታሰርባቸው ክሮች ይተከላሉ፤ ክሮቹ ለመስቀለኛ ቀስት ጅማት ከሚሆነው ጠንካራ ሲባጎ የተሠሩና የጫማ ሰፊ ሰም የተቀቡ። ብረቱ ሊሸፍነው በማይችልበት በብብትና በክርን መታጠፊያ ደግሞ የሰንሰለት ጥሩር ቁራጭ በጨርቁ ላይ ይሰፋል። ጎበዝ! ያ ሁሉ በየቤተ መዘክሩ የሚያብረቀርቅ ብረት የተንጠለጠለው በጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁ ስለሚበሰብስ ቀረ፤ ብረቱ ስለማይበሰብስ ምስጋናውን ሁሉ ወሰደ።

ዳዊትንም አሰብኩት። ሳኦል ልብሱን፣ የራስ ቁሩን፣ ጥሩሩን አልብሶት አልራመድበት ብሎ ያወለቀውን። ሰንበት ትምህርት ቤት ስንማር ነገሩ ሁሉ ስለ እምነት ነበር፤ ትክክል ነው። እናቴ ግን ጠዋት ቁርስ ላይ ሳነሳባት ምን አለች? «ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻ የበለጠ ሰው አይደል? የሱን ልክ ለዳዊት? ልኩን ያልተወሰደ ልብስ ማንን ያስኬዳል!»

ከዚያ ወዲያ ፊልም ማየት አልቻልኩም። ማለት አያለሁ፤ የማየው ግን ብብት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ስታር ዋርስ ነጫጭ ወታደሮች በነጭ ፕላስቲክ የተሸፈኑ ይመስለን ነበር አይደል? ግማሹ ጥቁር ጨርቅ ነው! በሰሌዳና በሰሌዳ መካከል የሚታየው ያ ጥቁር መስመር ነው ነጩን ነጭ ያደረገው። ጥቁሩን አንሱት፣ የቀረው የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት ነው። የፊልሙ ልብሶች ንድፍ አውጪ ጆን ሞሎ ኦስካር ወስዶበታል። የነዚያ ወታደሮች የራስ ቁር እስከ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2011 ዳኞች «ቅርጻ ቅርጽ ነው ወይስ አይደለም» ብለው ተከራክረውበት አይደለም ብለዋል። ስለ ጥቁሩ ጨርቅ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው ግን አልሰማሁም። የዳርዝ ቬደርን ክንድና ጭን እዩት፤ በመስመር በመስመር የተጠቀመ ቆዳ ነው፤ ግርማ ሞገሱ ሁሉ እዚያ ጥቅምቅም ውስጥ ነው። ሩት ካርተር በ2018ቱ ብላክ ፓንተር የንጉሡን ልብስ ስትነድፍ፣ ከሥር የጡንቻ ቅርጽ ያለው ሽፋን አድርጋ ከላይ ባለው ስስ ጨርቅ ላይ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች አሳተመችበት፤ ብርሃን ሲነካው ጨርቁ የሚተነፍስ ይመስላል። እሷም ኦስካሯን ወሰደች። እኔ ብሆን ለጨርቁ ለብቻው ሁለተኛ እሰጥ ነበር።

ወደ ሥራው ልግባ፤ እዚህ ላይ ነው እብደቱ የሚጀምረው።

መጀመሪያ ልክ። እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ስትነሳ ልጁ «እማማ፣ ሌላ ዘዴ አለ» አላት። አሮጌ ካናቴራና ጠባብ ሱሪ ለበሰ፤ በምግብ መጠቅለያ ስስ ላስቲክ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጠቀለልነው፤ ከዚያ በላይ ብርማውን ጠንካራ ፕላስተር እየቀደድን አጭር አጭር አድርገን ለጠፍንበት፤ ረጅም ከሆነ ይጨማደዳል። አንድ ሰዓት ተኩል! ልጁ ሊጋገር የተዘጋጀ ዶሮ መሰለ። ከዚያ እናቴ በጥቁር ብዕር ስፌት የሚያልፍበትን መስመር ሣለችበት፤ ጎን፣ ትከሻ፣ የጭን ውስጥ፣ ጀርባ። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥርና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ጻፍን። በመቀስ ቀስ ብለን ጀርባውን ከፍተን አወጣነው። ስሙኝማ፣ ወለሉ ላይ የቆመው የልጄ ባዶ ገላ ነበር! የቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ማለቱ ሳይቀር ተቀርጿል። መስመሩን ተከትለን ስንቆርጠው ገላው ጠፍጣፋ ወረቀት ሆነ። እናቴ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ዝም ብላ ቆየች። «ሠላሳ ዓመት» አለች በመጨረሻ፣ «ሠላሳ ዓመት በግምት ነው የኖርኩት ማለት ነው።» በግምት አልኖረችም። ግን አድናቆቷን ለመንካት አልደፈርኩም።

ቀጥሎ ጨርቅ። የሚለጠጥ ይሁን ተባባልን፤ በአራቱም አቅጣጫ። ስፓንዴክስ። በነገራችን ላይ ይህ ቃል ራሱ ጨዋታ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ይስፋፋል» የሚለውን ቃል ፊደሎች በጥብጠው ያወጡት ስም ነው። ክሩ የተወለደው በ1958 ነው፤ ዱፖንት ውስጥ፣ ጆሴፍ ሺቨርስ በሚባል ኬሚስት እጅ፣ እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ዌይንስቦሮ ውስጥ። ከቤታችን በመኪና ጥቂት ሰዓት! ምን ፈልገው ነው የፈጠሩት? ለጠፈር? ለጀግና? ለሴቶች የቦርጭ ማጥበቂያ! ላስቲኩ ስለሚከብድና ስለሚሞቅ ሌላ ቀለል ያለ ክር ፈልገው።

ቆዩ፣ ገና አላለቀም። በ1969 ጨረቃ ላይ የወረዱትን ሰዎች ልብስ የሰፋው ማን ነው? ዴላዌር፣ ዶቨር ውስጥ የነበረ፣ ፕሌይቴክስ በሚል ስም የጡት መያዣና የቦርጭ ማጥበቂያ ይሸጥ የነበረው ኩባንያ! ሰፊዎቹ ሴቶች በስፌት መኪና ላይ ተቀምጠው፣ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ስህተት ብቻ ተፈቅዶላቸው፣ ድርብርቡን ልብስ ሰፉ። ከሁሉም በታች ገላ ላይ የሚለበሰው ምን ነበር? ቀጫጭን ቱቦዎች የተዘረጉበት የናይለንና የስፓንዴክስ ሹራብ፤ በቱቦዎቹ ውስጥ ውሃ እየዞረ ሰውየውን ያቀዘቅዘዋል። ዛሬ ከጠፈር ጣቢያ ወጥተው የሚሠሩት በሚለብሱት ውስጥ ወደ 91 ሜትር የሚጠጋ ቱቦ አለ። ያ ነጭ ግዙፍ ልብስ የሚታይ ጥሩር ነው፤ ሰውን በሕይወት ይዞ የሚመልሰው ሥራ ግን ገበሩ ውስጥም ነበር። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ሴቶች የሰፉት ነው አላልክም?» ብላ ወደ መቀሷ ተመለሰች፤ የሚያስገርም ነገር እንዳልነገርኳት ሁሉ።

የመጀመሪያው የገዛነው ጨርቅ ያብረቀርቅ ነበር። ልጁ ሲለብሰው የዋና አስተማሪ ሆኖ ቁጭ አለ። የማያብረቀርቅ፣ ወፈር ያለ፣ ብርሃን የሚውጥ ጨርቅ ፈለግን። የመለጠጡን ልክ የምናውቅበትን ዘዴ ላካፍላችሁ፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያዙና ሳታስጨንቁት ሳቡት፤ 15 ከደረሰ በግማሽ ይለጠጣል ማለት ነው፤ በቂ ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁት። ከዚያ የልብስ ሰፊን አእምሮ የሚገለብጠው ነገር ይመጣል፤ ልብሱ ከሰውየው ያንሳል! የልጄ ደረት 88 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ጨርቁ የተቆረጠው በ79 ነው። እናቴ እድሜዋን ሙሉ «ለማደጊያው» እያለች ሁለት ጣት ስትጨምር የኖረች ሴት፣ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ቀንሺ ስትባል ፊቷን ማየት ነበረባችሁ! ዙሪያውን እንጂ ቁመቱን እንዳትቀንሱ ግን፤ ቁመቱ ካጠረ ትከሻና እግር መካከል እየተጎተተ ሰውየውን ያጎብጠዋል።

ሰፋችው። እንደ ለመደችው፣ በቀጥታ ስፌት፣ እንደ ክር የቀና። ልጁ ለበሰ፣ ቁጢጥ አለ። ጠረረረረ! ከወገብ እስከ ጉልበት። ጨርቁ አልተቀደደም፤ ክሩ ነው የተበጠሰው። ጨርቁ ሲለጠጥ ቀጥታ ስፌት የሚሄድበት የለውማ! ዚግዛግ መሆን አለበት፤ ክሩ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ጨርቁ ሲሳብ ጠመዝማዛው ይፈታለታል። መርፌውም ሌላ ነው፤ ጫፉ ሹል ሳይሆን ዱልዱም፣ የሹራቡን ቀለበቶች ሳይወጋ ገፋ አድርጎ የሚያልፍ። በተለመደው መርፌ ሲሰፋ መኪናው ስፌት እየዘለለ አናደዳት፤ «መኪናው ነው የተበላሸው» ብላ ዘይት አጠጣችው። መርፌውን በቀየርን በደቂቃ ውስጥ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርደው ታታታታ እያለ ሄደ። እናቴ ሳቀች። ከመጣች እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

አሁን ያቺ ብብት። ኦ፣ ያቺ ብብት! ልብሱ ተሰፍቶ አልቆ ክንዱን ሲያነሳ ወገቡ አብሮ ይወጣል፤ ጥሩሩንም ይዞት ይወጣል። እናቴ ከተረፈው ጨርቅ እንደ አልማዝ አራት ማዕዘን የሆነች፣ ከእጅ መዳፍ ትንሽ የምትበልጥ ቁራጭ ቆረጠች። የብብቱን ስፌት ፈታች፤ ያቺን ሽብልቅ አስገብታ መልሳ ሰፋችው። አለቀ። ክንዱ ተፈታ! እጅጌውና ጎኑ መላቀቅ ሳያስፈልጋቸው መካከላቸው በር ተከፈተ። ሌላም በጭኖቹ መካከል አስገባች፤ ልጁ እግሩን አንስቶ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። እነዚያ የ15ኛው መቶ ዘመን ባላባቶች ሰንሰለት ያሰፉት እዚያችው ቦታ ላይ ነው እኮ! ብብት አምስት መቶ ዓመት ሙሉ ያው ብብት ነው።

ልሙጥ ጥቁር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ደግሞ ጎኑን፣ አንገቱን፣ ወገቡን በመስመር ጠቀምነው። ለዚህ የሚሆነው ጨርቅ የመኪና ጣሪያ ውስጥ የሚለጠፈው ነው፤ ጀርባው ላይ ስስ ስፖንጅ አለው። በየ2 ሴንቲ ሜትሩ መስመር ስትሰፉበት በመስመሮቹ መካከል እብጥ እብጥ ይላል፤ በቃ ማሽን መሰለ! ጉልበትና ክርን ላይ መስመሩ አግድም መሄድ አለበት፤ እንደ ወናፍ እንዲታጠፍ። ቁልቁል ከሄደ እንደ ሰሌን ይገተራል። ይህን የተማርነው አንድ ሱሪ ካበላሸን በኋላ ነው።

ሰሌዳዎቹን ማያያዝ ሌላ ጦርነት ነበር። ልጁ ሁሉንም በቬልክሮ ልለጥፍ አለ። ቬልክሮ ግሩም ነገር ነው፤ ጆርጅ ደ ሜስትራል የሚባል የስዊስ ሰው አደን ውሎ ሲመለስ ልብሱና ውሻው ላይ የተጣበቀውን እሾሃም ፍሬ አይቶ ያሰበው ነው፤ እኛ ጭጎጎት ከሱሪያችን ላይ እየነቀልን ስንራገም ያደግነው ሰዎች ይህን ስናስብ ትንሽ መቆጨታችን አይቀርም። ግን ቬልክሮ አይለጠጥም፤ የሚለጠጥ ጨርቅ ላይ ሲሰፋ ዙሪያውን ያጨማድደዋል። ስለዚህ ክብደቱን ለናይለን ማንገቻ ሰጠነው፤ ደረት ከትከሻ፣ ጭን ከቀበቶ ይንጠለጠላል። ጨርቁ ላይ ጠቅ የሚሉ ቁልፎች ብቻ ተተከሉ፤ ከያንዳንዳቸው ጀርባ የማይለጠጥ ካኪ ቁራጭ ተደርጎ። ቅልጥሙ ላይ ሰሌዳው የሚያርፍበት ትንሽ የስፖንጅ ትራስ በኪስ ውስጥ ሰፋንለት። እንደ ካልሲ መውረድ ቀረ!

ስለ ሽንት ቤት ማንም አይጽፍም፤ እኔ ልጻፍ። መጀመሪያ የሰፋነው አንድ ወጥ ነበር፤ ዚፑ ከጀርባ። ልጁ በሙከራው ቀን ከሁለት ሊትር ውሃ በኋላ ምን እንደደረሰበት ለክብሩ ስል አልናገርም። እናቴ በዚያው ማታ ወገቡ ላይ ቆረጠችው፤ ላይና ታች አድርጋ በቀበቶው ሥር በተደበቀ ዚፕ ዙሪያውን አገናኘችው። ጀርባው ላይ፣ ሰሌዳው በሚሸፍነው ቦታ፣ መረብ ጨርቅ አስገባች፤ ላቡ የሚወጣበት። ጥጥ ይሁን ብላ ተከራክራ ነበር፤ ጥጥ ግን ላብ ጠጥቶ ይዞ ይቀመጣል። ያ በ1987 የወጣው የሮቦኮፕ ተዋናይ በዳላስ ሙቀት እንዴት እንደቀለጠ ካነበብኩላት በኋላ ነው የተረታችው።

የሚለጠጥ የማይወድ ሰው ቱታ ይስፋ። የስታር ዋርሱ ቦባ ፌት ከጥሩሩ ሥር የለበሰው፣ ስሙን አጋንናችሁ ብትጠሩትም፣ ቱታ ነው! የጋራዥ ቱታ! ቃሉን ከጣሊያንኛ እንደወሰድነው አውቅ ነበር፤ ልብሱን ግን የፍሎረንሱ አርቲስት ታያት በ1919 ገደማ ነድፎት፣ በ1920 ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ እንዲሰፋው ቅዱ በጋዜጣ መታተሙን አላውቅም ነበር። አስቡት፤ ከመቶ ዓመት በፊት የወደፊቱ ሰው ልብስ ተብሎ የታሰበውን፣ ሰፈራችን ያለው መካኒክ ከግሪሱ ጋር ለብሶት ይውላል። ለልጄ ጓደኛ ግራጫ የጥጥ ቱታ ሰፋንለት፤ አዲስነቱን ለማጥፋት በአሸዋ ወረቀት ጉልበቱን ፈግፍገን፣ ከበረካ በኋላ በተረፈው የቡና አተላ ነከርነው። እናቴ ይህን ብቻ አልተቀበለችውም። «አዲስ ጨርቅ ገዝቶ ማቆሸሽ!» እያለች በረንዳ ላይ ስናሰጣው ፊቷን አዞረች።

ሙሉ በሙሉ ያለቀው አንድ እሑድ ነው። ልጁ ከራስ ቁሩ በቀር ሁሉንም ታጥቆ ከቤዝመንት ወጣ፤ ክንዱን አነሳ፣ እኔ ጮህኩ፣ ባለቤቴ መጥታ ሄደች፤ ይህን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ምሳ ቀረበ። «አውልቅ» አልኩት። «አያስፈልግም» አለ፣ ከነጥሩሩ ዝቅ ያለችው መቀመጫ ላይ ተቀመጠ። ተቀመጠ! ጉልበቱ ታጠፈ፣ ወገቡ ታጠፈ፣ አንዲት ሰሌዳ አልጮኸችም። እጁን ታጠበ፤ ከመሶቡ ማዶ ካለው ጎን ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከፍ አድርጎ፣ ወደ አያቱ አፍ አመጣ።

እናቴ ጎረሰች። እያላመጠች አንገቷን ዘንበል አድርጋ የተነሳውን ክንድ ከሥሩ አየችው። ሁላችንም ምን ትል ይሆን ብለን ጠበቅናት። ዋጠች፣ እጇን ሰደደች፣ ከብብቱ ሥር በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ሳብ አደረገች።

«ክር ቀርቷል» አለች። «መቀስ አምጡልኝ።»